ግማሹ የጠቆረ ፎቶ ምን ይመሰክራል?

ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያስሩ የተነሳው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ቢገኝ፣ ፎቶ አንሺው አእምሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው አንድ ፍርድ ነው፦ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል»። ከዚያ ፍርድ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። ካሜራው ጥገና ቤት ይገባል፣ አለዚያም «ለመለዋወጫ» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጥፋቱን በሜሞሪ ካርዱ ላይ አድርጎ ወዲያው ፎርማት ያደርገዋል፤ ሊድን ይችል የነበረውን ፎቶ ከነማስረጃው ያጠፋዋል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። በከፊል የጠቆረ ፎቶ ከሁሉ በፊት ማስረጃ ነው። ጥቁሩ ከየት እንደሚጀምር፣ ዳሩ ምን እንደሚመስል፣ መቼ መቼ እንደሚመጣ በጥሞና ያየ ሰው፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ የችግሩን መነሻ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ቦታ ማጥበብ ይችላል። ሴንሰሩ ደግሞ ከተጠርጣሪዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የሚቆም ነው።

ይህን ለማስረዳት ብርሃን በካሜራ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ብርሃኑ ከሌንሱ ፊት ባለው ኮፍያና ፊልተር በኩል ይገባል፤ ሌንሱን ያልፋል፤ ካሜራው ዲኤስኤልአር ከሆነ ፎቶ በሚነሳበት ቅጽበት ወደ ላይ የሚታጠፈውን መስታወት ያልፋል፤ ሹተር የሚባለውን መዝጊያ ያልፋል፤ በመጨረሻም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ከሴንሰሩ ወዲያ ብርሃን የለም፤ ያለው ወደ ካርድ የሚጻፍ ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚቆም እንቅፋት ሁሉ ጥላውን ፎቶው ላይ ይጥላል፣ ጥላዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ማታ በመብራት ፊት እጁን ዘርግቶ ግድግዳ ላይ የወፍ ቅርጽ የሠራ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እጅ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ የጥላው ዳር ስል ይሆናል፤ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ደግሞ ጥላው ይሰፋል፣ ዳሩም ይደበዝዛል። ካሜራ ውስጥም ያው ነው። ሹተሩ ሴንሰሩ አጠገብ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ስላለ ጥላው ቀጥ ያለና ስል ዳር ያለው ነው። ሌንሱ ፊት ያለ ነገር የሚጥለው ጥላ ግን ቀስ በቀስ እየጠቆረ የሚሄድ፣ ዳሩ የደበዘዘ ነው። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወዲያ፣ በፋይሉ ላይ ከሆነ ደግሞ የብርሃን ጥላ የማይመስል ሌላ ምልክት ይታያል። የዚህ ሁሉ ምርመራ መሠረት ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ረዘም ያለ ማብራሪያ የሚገባው ሹተሩ ነው። ብዙዎቻችን ሹተር ሲባል የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ በር እናስባለን፤ እውነቱ ግን ሁለት መጋረጃዎች መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ መጋረጃ ከስስ ምላጮች የተሠራ ነው። ቁልፉ ሲጫን የመጀመሪያው መጋረጃ ወርዶ ሴንሰሩን ይገልጠዋል፤ የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ ሁለተኛው ተከትሎት ወርዶ ይሸፍነዋል። በ1/60 ሰከንድ ሲነሳ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ሴንሰሩ ለአፍታ ሙሉ ለሙሉ ተገልጦ ይቆያል። ነገር ግን መጋረጃው 24 ሚሊሜትር ቁመት ያለውን የፉል ፍሬም ሴንሰር ለማቋረጥ ከሦስት እስከ አራት ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ታዲያ 1/4000 ሰከንድ የሚባለው ፍጥነት ከየት ይመጣል? ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው እስኪደርስ ሳይጠብቅ ስለሚነሳ ነው። በመካከላቸው ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ስንጥቅ ይቀራል፤ ያ ስንጥቅ ሴንሰሩን እየጠረገ ይወርዳል። ስለዚህ በፍጥነት የተነሳ ፎቶ በአንድ ቅጽበት የተነሳ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር በተራ የተሞላ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያነሳው የእሽቅድምድም መኪና ፎቶ ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል፤ የመኪናው ጎማ ሞላላ ሆኖ ወደፊት ያዘነብላል፣ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ የተጋደሙ ይመስላሉ። በዚያ ፎቶ ውበት የሆነው ነገር በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ሰንበር ሆኖ ይመጣል።

ሰንበሩን የሚያመጣው ፍላሽ ነው። ፍላሽ ብርሃኑን የሚረጨው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ተገልጦ ካልተገኘ፣ በመጋረጃ የተሸፈነው ክፍል የፍላሹን ብርሃን ጨርሶ አያገኝም። ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ የሚገለጥበት ከፍተኛው ፍጥነት የሲንክ ፍጥነት ይባላል፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥቁር ሰንበር ይወለዳል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሰንበሩ ይሰፋል። ካሜራው በአግድም ተይዞ ከሆነ ሰንበሩ በብዙ ካሜራዎች ከፎቶው ግርጌ ላይ ይገኛል፤ ምክንያቱም ሌንሱ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያሳርፍ ሁለተኛው መጋረጃ ቀድሞ የሚሸፍነው የሴንሰሩ የላይኛው ክፍል የፎቶው ግርጌ ነው። ካሜራው ቆሞ ከተያዘ ሰንበሩም አብሮ ይዞርና ጎን ላይ ይሆናል። በአግድምና በቁም የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ጥቁሩ ከካሜራው አካል ጋር የሚዞር መሆኑን ያስረግጣል።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፤ ካሜራው ፍላሽ መኖሩን ካወቀ ፍጥነቱን ራሱ አይገድበውም ወይ? ይገድበዋል፤ ካወቀ። የካሜራው የራሱ ፍላሽ ወይም ከካሜራው ጋር የሚነጋገር ፍላሽ ከተገጠመ ከሲንክ ፍጥነት በላይ እንዲሄድ አይፈቅድም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ርካሽ የሬዲዮ ትሪገሮች «አሁን አብራ» ከሚል ትእዛዝ በስተቀር የሚያስተላልፉት መልእክት የለም፤ ካሜራውም ፍላሽ መኖሩን ሳያውቅ እስከ 1/4000 ድረስ ይፈቅዳል። ከዚህም በላይ ትእዛዙ በሬዲዮ ሲሄድ ትንሽ ስለሚዘገይ፣ መመሪያው 1/200 ይበቃል ባለበት ካሜራ ላይ እንኳ ቀጭን ሰንበር ሊታይ ይችላል። ፍጥነቱን ወደ 1/160 ወይም ወደ 1/125 ዝቅ ማድረግ ብቻ ችግሩን ካጠፋው የተበላሸ ነገር የለም፤ የሚከፈል የጥገና ዋጋም የለም። በጠራራ ፀሐይ ከሲንክ በላይ መሄድ የግድ ሲሆን ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው አሠራር አለ፤ ፍላሹ አንድ ጊዜ ከመብረቅ ፋንታ መጋረጃዎቹ እስኪያልፉ ድረስ በፍጥነት ደጋግሞ ይረጫል። ዋጋው ጉልበት ነው፤ የፍላሹ ብርታት በእጅጉ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ይህ ዓይነቱ ጥቁር ሌላ ጠቃሚ ባሕርይ አለው። ሰንበሩ የያዘው የሴንሰሩ ክፍል የፍላሹን ብርሃን ባያገኝም የአዳራሹን መብራት ግን እንደሌላው ክፍል አግኝቷል። ስለዚህ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የጨለማውን ክፍል ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት የቀሚሱ እጥፋት፣ የጠረጴዛው ጫፍ ደብዝዞ ብቅ ይላል። ሹተሩ ተሰብሮ ያልተከፈተ ከሆነ ግን ምንም አይወጣም፤ ብርሃን ጨርሶ አልደረሰምና። ይህች አንዲት ሙከራ ቅንብርንና ብልሽትን ትለያለች። ፎቶው በሮው ፋይል ተነስቶ ከሆነ ደግሞ ከምስክርነት አልፋ ፎቶውን በከፊል ልታድነውም ትችላለች። ከጄፔግ ይልቅ ሮው ስለ ጨለማው ክፍል ብዙ መረጃ ይይዛልና፣ የማይደገም ዝግጅት የሚያነሳ ሰው በሮው እንዲያነሳ የምወተውተው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፍላሽ ሳይኖርም ስል ዳር ያለው ጥቁር ከመጣ ጥርጣሬው በትክክል ወደ ሹተሩ ይሄዳል። ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ያወጣው ዲ750 የሠርግ ፎቶ አንሺዎች በጣም የወደዱት ካሜራ ነበር። በሐምሌ 2015 ግን ኩባንያው በአንዳንዶቹ ላይ ሹተሩ በትክክል እንደማይሠራና የፎቶው አንድ ክፍል እንደሚጠቁር አስታወቀ፤ በነፃ እንደሚጠግንም ገለጸ። ጉዳዩ በዚያ አላበቃም፤ በ2016 እና በ2017 በሌላ ጊዜ የተመረቱትንም እንዲጨምር ሆኖ ሰፋ። ከዚህ የምወስደው ነገር ካሜራው መጥፎ ነው የሚል አይደለም፤ ጥሩ ካሜራ ነበር። የምወስደው ጥቁሩን በትክክል ያነበበው ባለቤት የሴንሰር ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የካሜራውን መለያ ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር ማስተያየት ይችል እንደነበር ነው። ሹተር ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው። አምራቾች ብዙ ካሜራዎችን ከ100,000 እስከ 200,000 ለሚደርስ ፎቶ፣ ለባለሙያ የተሠሩትን ደግሞ ለ400,000 ያህል እንዲሠሩ ፈትነው ያወጧቸዋል። ይህ ቁጥር ግን የማብቂያ ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት የሚሞትም፣ ከዚያ አልፎ ዓመታት የሚሠራም አለ።

ሹተርን መመርመር ከባድ አይደለም። ፍላሹ ይነቀላል፤ ነጭ ግድግዳ በቀን ብርሃን ይመረጣል፤ ከዚያ በ1/60፣ በ1/250፣ በ1/1000 እና በ1/4000 በተራ ይነሳል፣ በየጊዜው የሌንሱን ቀዳዳ ወይም አይኤስኦውን በመቀየር ግድግዳው እኩል እንዲበራ እየተደረገ። ዝቅ ባለው ፍጥነት ደህና ሆኖ በከፍተኛው ብቻ አንዱ ጎን ከጠቆረ፣ ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል አይሮጡም ማለት ነው፤ አንዱ ደክሟል ወይም ቆሻሻ ይዞታል፣ ስንጥቁም መንገድ ላይ ይጠባል፣ አንዳንዴም ይዘጋል። በሁሉም ፍጥነት ያው ክፍል ከጠቆረ አንድ ምላጭ ተጣብቋል ወይም ከቦታው ወጥቷል። ቀጥሎ ካሜራው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ካለው በእሱ ደግሞ አንድ ፎቶ ይነሳል። ይህ አሠራር መጋረጃዎቹን ሳያንቀሳቅስ ሴንሰሩን ብቻ ስለሚጠቀም፣ ጥቁሩ በእሱ ከጠፋ ሴንሰሩ ነፃ ወጥቷል፤ ጥፋተኛውም መጋረጃው ነው። ኤሌክትሮኒክ ሹተር የሌለው ዲኤስኤልአር ቢሆንም ቪዲዮ መቅረጽ ያው ፈተና ነው፤ ቪዲዮው ከዳር እስከ ዳር ጥርት ካለ ሴንሰሩ በሕይወት አለ። ከዚህ አልፎ መጋረጃውን በጣት መንካት፣ በጥጥ መጥረግ ወይም የታመቀ አየር መንፋት ግን አይገባም። ምላጮቹ በጣም ስስ ናቸው፤ በቀላሉ የሚታደሰውን ሹተር መሰባበር ፍርስራሹን ሴንሰሩ ላይ መጣል ነው።

ከሹተር ጋር በቀላሉ የሚምታታ ሌላ ዓይነት ጨለማ አለ፤ ቤት ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን ብቻ የሚመጣ አግድም ጥላ። ኤሌክትሪክ በኢትዮጵያ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈዛሉ፣ ይደምቃሉ። ዓይን አያየውም፤ ስንጥቁ ሴንሰሩን ሲጠርግ ግን መብራቱ በፈዘዘበት ቅጽበት የተሞላው ክፍል ጠቁሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ነው። ይህ ጉዳይ ከውጭ ዘመድ ካሜራ ለሚላክላቸው ሰዎች በተለይ ይጠቅማል። በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። እዚያ ለሚሠራበት ተስተካክሎ የመጣ ካሜራ አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ሲቀርጽ ጥላ የሚንሸራተትበት፣ ውስጡ ያለው ቅንብር 60 ኸርዝ ላይ ስለቀረ ሊሆን ይችላል። ወደ 50 መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ግን የራሳቸው አመል አላቸው፤ አንዳንዶቹ በሌላ ድግግሞሽ ስለሚበሩ ፍጥነቱን እየቀያየሩ መሞከር ያስፈልጋል። ፈተናው አጭር ነው፤ ጥላው ደጅ በፀሐይ ብርሃን ከጠፋ ካሜራው ጤነኛ ነው።

ከሌንሱ ፊት የሚመጣውን ጥላ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። አራቱ ማዕዘናት ብቻ ከጠቆሩ የሌንስ ኮፍያው ተጣሞ ተገጥሟል፣ ወይም ፊልተር በፊልተር ላይ ተደርቧል፣ ወይም ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ሌንስ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ተገጥሟል። ከፎቶው ግርጌ መካከል ላይ የግማሽ ክብ ጥላ ከታየ የካሜራው ትንሽ ፍላሽ ረጅሙን ሌንስ ወይም ኮፍያውን መትቶ ነው። በኪስ ካሜራዎች ላይ ደግሞ ሌንሱን የሚሸፍኑት ትናንሽ ክዳኖች አቧራ ወይም አሸዋ ይዟቸው በግማሽ ይከፈታሉ፤ ካሜራውን አብርቶ ሌንሱን ከፊት ማየት ይበቃል። የዲኤስኤልአር መስታወት ዘግይቶ ሲነሳም ዳሩ የደበዘዘ ጥላ በአንድ ጎን ይተዋል፤ መስታወቱ በማይንቀሳቀስበት የቀጥታ ማያ አሠራር ሲነሳ ይህ ጥላ መጥፋት አለበት።

አሁን ወደ ፋይሉ እንምጣ፤ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። ጄፔግ የሚባለው ፋይል ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘን ጡቦች ይከፋፍላል፤ ጡቦቹንም ጽሑፋችን እንደሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየደረደረ አጭቆ ይጽፋቸዋል። አንዱ የሚነበበው ከሌላው ቀጥሎ ስለሆነ መካከል ላይ ጥቂት ፊደል እንደጠፋበት ደብዳቤ አይደለም፤ አንድ ቦታ ሲሳሳት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ የተጎዳ ፋይል ምልክቱ ልዩ ነው። የላይኛው ክፍል ጥርት ያለ ይሆናል፤ ከአንድ ረድፍ መካከል ጀምሮ ጡብ ጡብ የሚመስል የደረጃ ቅርጽ ያለው ስብራት ይታያል፤ ከዚያ በታች ግራጫ ወይም ጥቁር ይሆናል፣ አንዳንዴም ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ምስሉም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ብርሃን እንዲህ ያለ ጥላ አይሠራም። ሌላም ምስክር አለ። ካሜራው ከፎቶው ጋር አንድ ትንሽ ምስል አብሮ በፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። በካሜራው ማያ ላይ ወይም በኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ ትንሿ ምስል ሙሉ ሆና ትልቁ ሲከፈት ግማሹ ከጠፋ፣ ካሜራው ፎቶውን በትክክል አንስቷል ማለት ነው፤ የጠፋው ሲጻፍ፣ ሲቀመጥ ወይም ሲገለበጥ ነው። ትንሿም እንደ ትልቋ ከጠቆረች ግን ጥፋቱ ከመጻፉ በፊት ነው።

የፋይል ጉዳት መነሻው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ የመጻፊያዋ መብራት ሳትጠፋ ካርዱን መንቀል፣ ባትሪ በመጻፍ መካከል ማለቅ፣ የላላ ካርድ ሪደር፣ ያረጀ ካርድ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ያንኑ ፋይል በሌላ ሪደር ደግሞ መገልበጥ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ካርዱም ካሜራውም ነፃ ናቸው። ከዚህ የከፋው አስመሳዩ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቦታ ያለው ካርድ ይሸጣል፤ ለካሜራው 64 ነኝ ብሎ ስለሚዋሽ ካሜራው መጻፉን ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደህና ይሆናሉ፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ የሚመጡት ይበላሻሉ ወይም የቀደሙትን ይደመስሳሉ። የጠዋቱ የሽምግልና ፎቶ ጥሩ ሆኖ የማታው የጭፈራ ፎቶ ሁሉ ከጠፋ ይህን መጠርጠር ነው። እንደ ኤፍ3 ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ ውሸቱን ያጋልጣሉ፤ አዲስ ካርድ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ይህን ፈተና ሳያልፍ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ግን አንድ ሕግ አለ፤ በዚያ ካርድ ላይ ከዚያ ወዲያ አንድም ፎቶ አይነሳም፣ ፎርማትም አይደረግም። ፎቶሬክን የመሰሉ ፕሮግራሞች ካርዱን ራሱን አንብበው ሌሎች ፋይሎችን ሊያወጡ የሚችሉት የተጻፈበት እስካልተደመሰሰ ድረስ ነው። ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እንዲጻፍ ቢያደርግ ምርመራው በጣም ይቀላል፤ በአንዱ ሙሉ፣ በሌላው ግማሽ የሆነ ፎቶ ካርዱን ይከስሳል፤ በሁለቱም የጠቆረው ካሜራውን።

ሴንሰሩ ታዲያ መቼም አይበላሽም ማለቴ ነው? አይደለም፤ የታወቀ ታሪክ አለና። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ሶኒ የሠራቸው የሲሲዲ ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት ውስጣዊ ሽቦዎቻቸው እየለቀቁ መሆኑ ተገለጠ፤ ሴንሰሩን ከሶኒ የሚገዙ ካኖንን፣ ኒኮንን፣ ፉጂፊልምንና ኦሊምፐስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የካሜራ ባለቤቶችን በነፃ እንዲያስጠግኑ ጠሩ። ነገር ግን የዚያ ብልሽት ምልክት ምን ነበር? ምስሉ ይዛባ ወይም ጨርሶ አይታይም ነበር፤ ያውም በተነሳው ፎቶ ላይ ብቻ ሳይሆን ቁልፉ ሳይነካ በካሜራው ማያ ላይም። የሴንሰር ሕመም በፍላሽና በፍጥነት አይመርጥም፤ አንዴ በ1/250 መጥቶ በ1/125 አይጠፋም። ስለዚህ ታሪኩ የእኔን ክርክር አይሽረውም፤ እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ መልክ እንዳለው ያጸናዋል እንጂ።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደት ያላቸውም ናቸው። አንደኛው ተራ ባለቤት ቴክኒሺያን አይደለም፣ ለባለሙያ መተው ይሻላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ መጠገን የባለሙያ ነው። እኔ የምለው ግን ስለ መጠገን ሳይሆን ስለ ማየት ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ፈተናዎች አንዱም መፍቻ አይጠይቅም፤ ሁሉም ፎቶ ማንሳትና ያነሱትን ማስተያየት ናቸው። ባለሙያውም ቢሆን ካሜራው እጁ ሲገባ አንድ ጊዜ ጠቁሮ አሥር ጊዜ ደህና የሚያነሳ ከሆነ የሚይዘው ፍንጭ አይኖረውም፤ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ሊነግረው የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው ይላል፤ ኒኮን በ2021 ዜድ 9ን ያለ ሜካኒካል ሹተር አወጣ፣ ሶኒ በ2023 ያስተዋወቀው ኤ9 3 ደግሞ ሴንሰሩን ሙሉ በሙሉ በአንድ ቅጽበት ስለሚያነብ መጋረጃም ሰንበርም የለበትም። ትክክል ነው፤ እነዚህ ካሜራዎች ግን ዋጋቸው የሺህ ዶላሮች ነው፤ ሰው እጅ ላይ ያለው አብዛኛው ካሜራ ሁለት መጋረጃ ያለው ነው፣ ለብዙ ዓመታትም ይኖራል። ከዚህም በላይ መጋረጃ የሌለው ካሜራም ከውሸታም ካርድ፣ ከተጣመመ ኮፍያና ከተቋረጠ ፋይል አያመልጥም። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የዋጋ ጥያቄ ነው፤ የሹተር መቀየሪያ ዋጋ ያረጀ ካሜራን ዋጋ ከተጠጋ ለምን ይደክሙበታል? አዎ፣ አንዳንዴ መልሱ መተው ነው። ግን ያን ውሳኔ በትክክል መወሰን የሚችለው የተበላሸው ሹተር መሆኑን ያወቀ ሰው ነው። ሳያውቅ የተወ ሰው የርካሽ ካርድ ሪደር ጥፋት የሆነውን በካሜራው ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ጥገና ቤት መሄድ የግድ ሲሆን ከካሜራው ጋር የሚወሰደው ነገር ከወሬ የተሻለ መሆን አለበት። ያልተነካኩ፣ ከካርዱ ላይ በቀጥታ የተገለበጡ ሦስት ፎቶዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ያለ ፍላሽ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አንዱ ያለ ፍላሽ በ1/4000፣ አንዱ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ወይም ከቪዲዮ የተወሰደ። ካሜራው በጻፈው እያንዳንዱ የፎቶ ፋይል ውስጥ ፍጥነቱና የሌንሱ ቀዳዳ ተመዝግበው ስለሚገኙ ባለሙያው የተባለውን ብቻ ሳይሆን የሆነውን ያነባል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛም ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሻጩ ፊት እነዚህኑ ሦስት ፎቶዎች ያንሳ፤ ከዚያም በካሜራው ትንሽ ማያ ላይ ሳይሆን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከፍቶ፣ ከዳር እስከ ዳር እያጎላ፣ በተለይ የ1/4000ውን ፎቶ ግርጌና አናት ያወዳድር። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ነጭ ከሆነ ሹተሩ ዛሬ ይሠራል፤ አንዱ ጫፍ በትንሹም ቢሆን ከጠየመ መጋረጃዎቹ እኩል መሮጥ አቁመዋል፣ ዋጋውም ያን አስቦ መነጋገር አለበት።